የከብት ማኅተም ያለበት ጋብቻ

ጥቅምት 9 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ነገሌ

ዛሬ ባሌን ልፈታ ፍርድ ቤት ሄጄ ባል እንደሌለኝ ተነግሮኝ መጣሁ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ተማሪዎቼን «በቅደም ተከተል ጻፉ» እያልኩ ስንት ዓመት ሳሰለች ኖሬ አሁን እኔ መዝለል የለብኝም። ዳኛው ኢፋ ነው። ዘጠነኛ ክፍል አማርኛ ያስተማርኩት፣ ድርሰት ጻፍ ስለው ሦስት መስመር ጽፎ «ተፈጸመ» ብሎ የሚያስረክበኝ ልጅ። ዛሬ ጥቁር ካባ ለብሶ ከፍ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከአቤቱታዬ ጋር ያያዝኩትን ወረቀት አገላብጦ አየና በኦሮምኛ ይህ ማኅተም የምንድን ነው አለኝ። እኔም ልጆቹ በሚስቁበት ኦሮምኛዬ «የከብት» አልኩ። ችሎቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ውሸት አይደለም፣ የከብት ነው። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ወድቆ ታጋዮች ከተማውን የያዙ ጊዜ ፍርድ ቤቱ ተዘግቶ ከረመ። ታጋዮቹ ከአገር ሽማግሌ መርጠው ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው የሚቀመጠው በእንስሳት ክሊኒኩ በረንዳ ላይ ነበር፤ የራሱ ማኅተም ስላልነበረው የክሊኒኩን ይመታል። ከመጀመሪያው ባሌ ከመቶ አለቃ አዳነ የተፋታሁት ሰኔ ላይ እዚያ በረንዳ ላይ ነው። ዶዮን ያገባሁትም ጥር ላይ እዚያው ነው። ሁለቱም ወረቀት ላይ ክብ ማኅተም አለ፤ መሐሉ ላይ «ከበሽታ ነፃ» ይላል።

ኢፋ እንዳለው ኮሚቴው ሰው የማፋታት ሥልጣን ካልነበረው ከአዳነ አልተፋታሁም። ካልተፋታሁ ዶዮን አላገባሁም። ካላገባሁት ደግሞ ልፈታው አልችልም። «ስለዚህ ቲቸር… ይቅርታ፣ ወይዘሮ ፍቅርአዲስ፣ መጀመሪያ የአቶ ዶዮ ሚስት መሆንዎን ያስረዱ። የፍቺው ነገር ከዚያ በኋላ ይታያል» አለኝ። እንግዲህ ይህን ሰው ለመተው መጀመሪያ የኔ መሆኑን ላረጋግጥ ነው። ለድርሰት ርዕስ ብሰጠው ልጆቹ ያበደች ይሉኛል።

ዶዮ ደጅ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ምን አሉሽ አለኝ። ባሌ አይደለህም አልኩት። ጥቂት አሰበና «ታዲያ ምሳ የት ልብላ?» አለ።

በዚህ ዓይነቱ ነገር ነው ሰው የሚፋታው።

ጥቅምት 12

ባለፈው በምሳ ምክንያት የምፈታው አስመስዬ ጽፌያለሁ። ልክ አይደለም። ነገሩ ዲንኪቱ ናት።

አምና የዶዮ ታላቅ ወንድም አገራቸው አሬሮ ላይ ሞተ። ሚያዝያ ላይ ሽማግሎች መጡ፤ መሪያቸው የዶዮ አጎት ኦቦ ዳዳቻ ነበሩ። ሳሎኔ ተቀምጠው ሻይ ጠጡ። እኔ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። ኦቦ ዳዳቻ ዶዮን «የወንድምህ ቤት ያንተ ቤት ነው፤ ዲንኪቱም ልጆቹም ባንተ ላይ ናቸው» አሉት። እሱም እሺ አለ። ከዚያ ወዲህ የወሩን ግማሽ አሬሮ ነው።

ያ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አላስረዳኝም፤ ማስረዳትም አያስፈልግም። ሚስት ወረሰ ማለት ነው። ወርሰሃታል ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም። የተማርኩ ሰው ነኝ፤ የተማረ ሰው አይጠይቅም፣ ይደመድማል። ሶፋው ላይ አንጥፌ ሰጠሁት። ለምን እንኳ አላለኝም፤ እግሩ ከሶፋው ይተርፋል፣ እንዲሁ ይተኛል። ለምን አለማለቱ ራሱ ጥፋተኛ መሆኑን አያሳይም?

ያሳያል።

ጥቅምት 21

አሥረኛ ቢ ስገባ ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ከበሽታ ነፃ» ተጽፎ አገኘሁ። ቀይ ብዕር ይዤ ሃያ ዓመት የኖርኩት ሴትዮ ስህተት ብፈልግ አጣሁ፤ ፊደሉ ሁሉ ትክክል ነው። አጠፋሁትና «ማን እንደጻፈው ባውቅ ማርክ እሰጠው ነበር» አልኳቸው። ሳቁ። የመምህራን ስታፍ ክፍል ስገባ ግን ወሬው ቀጥ አለ። አንዷ ስትጨርስ የሰማሁት «…ሃያ ዓመት ሙሉ በውሽምነት» የሚለውን ነው።

ቤት ገብቼ ድንች ልጥኩ። ብዙ ድንች ነው የላጥኩት፤ ማን እንደሚበላው እንጃ።

ጥቅምት 27

ጎረቤቴ ሚክዳድ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው። ጠበቃ አይደለም፤ ግን ጠበቆቹ ሲጠፋባቸው እሱን ሲያማክሩ አይቻለሁ። ዛሬ ማታ መጥቶ ሳሎን ተቀመጠና ነገሩን ዘረዘረልኝ። ታጋዮቹ ከተማውን የያዙበት ጊዜ ገና ሕጋዊ መንግሥት ያልቆመበት ነው፤ በዚያ መሐል የተደረገ ጋብቻና ፍቺ ይጸናል ወይ የሚለው ጥያቄ በሌሎች ከተሞችም ተነሥቶ ያውቃል፤ አንዱ ዳኛ ያጸናል፣ አንዱ ያፈርሳል። ስለ አዳነ ማወቅ አለብኝ፤ በሕይወት ካለ ቀርቦ ይመስክር።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ አንድ ነገር አለ። ያ ፍቺ ከፈረሰ ሉሲ በሕግ ፊት የአዳነ ልጅ ናት። በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ የባል ነው የሚባለው» አለኝ።

ሉሲ ልጃችን ናት፤ አዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት። አፍንጫዋ የዶዮ፣ ግትርነቷ የዶዮ፣ እግሯ እንኳ ከአልጋ የሚተርፈው የዶዮ ነው። ሚክዳድ ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ለምንም አልሆነም፤ ዶዮ ከኋላ በር ቆሞ ሰምቷል። መዶሻ ይዞ ወጣና ያልተሰበረ አጥር ሲጠግን አመሸ።

እኔ ይህን አልፈለግኩም። ልፈታው ነው የፈለግኩት እንጂ ልጁን ልቀማው አይደለም። ይህን እሱም ያውቃል ብዬ አስባለሁ። ወጥቼ ልነግረው አሰብኩና መዶሻው እንዳይሰማው ያደርጋል ብዬ ተውኩት።

ኅዳር 3

ሉሲ ደወለች። ኔትወርክ ይቆራረጣል። «እማ፣ በዚህ ዕድሜ…» ተቆረጠ። «…ሰው ምን ይላል…» ተቆረጠ። በመጨረሻ ጥርት ብሎ የመጣው «አባቴ ሶፋ ላይ ነው እንዴ የሚተኛው?» የሚለው ነው። ማን ነገራት? ኔትወርኩ ተቆርጧል ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ኅዳር 16

አዳነ አለ። ቡሌ ሆራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ሚክዳድ ነው በሻኪሶ ሾፌሮች በኩል ያገኘው።

ሄጄ መጣሁ። መንገዱ ያው ነው፤ ወገቤን ለሁለት ከፍሎታል። ስለዚያ ቀን እውነቱን ካልጻፍኩ ይህን ደብተር ለምን ገዛሁት? ከመሄዴ በፊት ቡርቱካን ጋ ጸጉሬን ተሠራሁ። አረንጓዴውን ቀሚሴን ለበስኩ። ምስክር ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው ሥርዓት ያለው መምሰል አለበት ብዬ ነው። ዶዮ ስወጣ አይቶኝ «ያምራል» አለ። ክፉ ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ሱቁ ገባሁ። አዳነ ወፍሯል፣ ራሱ ተመልጧል፣ መነጽር አድርጓል። ቀና ብሎ አየኝና «ምን ልታዘዝ፣ እናቴ?» አለ።

እናቴ። የሃምሳ ዓመት ሰው ነው እኮ። ለዚህ ነው ጸጉሬን የተሠራሁት።

ስሜን ስነግረው ደነገጠ፣ ከዚያ ተነሥቶ ሳመኝ፣ ከዚያ ሚስቱን ጠራ። ሚስቱ ደግ ሴት ናት፤ ይህን መጻፉ ቢያስጠላኝም ደግ ናት። ምሳ አበላችን። ልጆቻቸው ሦስት ናቸው። ጉዳዩን ስነግራቸው ሁለቱም ገረጡ፤ የኔ ፍቺ ከፈረሰ የነሱም ጋብቻ ይፈርሳል። በሁለት ሚስት ሊከሰስ ነው ሰውየው። እስከዚያ ድረስ እንዴት እለምነዋለሁ እያልኩ ነበር፤ አሁን ሚስቱ ራሷ ነገውኑ ሂድና መስክር አለችው።

ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ። ሠራዊቱ ተበትኖ ከሞያሌ ማዶ ሲሻገር በከብት ነጋዴ መልእክት ልኮ ነበር። «አትጠብቀኝ፤ ትፈታ፣ የሚሆናትን ታግባ አልኩ። አልደረሰሽም?»

አልደረሰኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ አንድ ቃል ጥሎኝ የሄደ ሰው ነበር። በማን ላክኸው አልኩት። ዳዳቻ የሚባል የቦረና ሰው ነው አለ።

ኦቦ ዳዳቻ ኮሚቴው ላይ ከተቀመጡት ሽማግሎች አንዱ ነበሩ።

ኅዳር 17

ሌሊቱን ስለ ንግግሬ ሳስብ ነው ያደርኩት።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ለኮሚቴው ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ያለው። ስለ ሴት ልጅ ዕድሜ፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ መጠበቅ። መደምደሚያው ላይ አለቀስኩ፤ ማልቀሱ አልታቀደም። ሽማግሎቹ ተያዩና ወዲያው ፈቱኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን ታሪክ ለማን ያልነገርኩት አለ! «በአንድ ንግግር አሸነፍኳቸው» እያልኩ። ለተማሪዎቼ የንግግር ችሎታ ሳስተምር እንደ ምሳሌ እጠቅሰው ነበር። ለካ መልሱ ከሞያሌ ማዶ ቀድሞኝ ደርሶ ኖሯል።

ዶዮ ያኔ የክሊኒኩ የክትባት ሠራተኛ ነበር። በረንዳው ሥር የሚታገለውን ጥጃ አንገት ይዞ ንግግሬን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቷል። ስወርድ «ጥሩ ተናገርሽ፣ ቲቸር» አለኝ። ያገባሁት ለዚያች ቃል ነው ብል ሰው ይስቅብኛል።

ታኅሣሥ 6

የመጀመሪያው የምስክር ቀን። አዳነ መጣ፤ ክራቫት አድርጎ። መልእክት መላኩን፣ በፍቺው መስማማቱን ተናገረ። ከዶዮ ጋር ተጨባበጡ። ዶዮ ስለ አዳነ መኪና ጎማ ጠየቀው። ስለኔ የሚባባሉት ነገር የጠበቅኩ ያስመስልብኛል፤ አልጠበቅኩም።

ቀጥሎ ኦቦ ዳዳቻ። ኢፋ በአንቱታ ወንበር አስቀርቦላቸው ጠየቃቸው። እሳቸውም መልእክቱ ደርሷል አሉ። ታዲያ ለወይዘሮዋ ለምን አልነገሯትም?

«መልእክቱ ለሽማግሌ ነው የተላከው፤ ለሷ አልተላከም። እሷማ እያለቀሰች ነበር፤ ቶሎ ፈትተን ሸኘናት» አሉ።

ሰው ሳቀ። እኔ የማስታወሻ ወረቀቴን አጣጥፌ አጣጥፌ የክብሪት ቀፎ አሳከልኩት።

ሲመሽ ሶፋው አጠገብ ቆሜ ዶዮን ጠየቅኩት። ምናልባት ከስምንት ወር በኋላ የጠየቅኩት የመጀመሪያ ጥያቄ ነው።

«መልእክቱ መምጣቱን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ንግግሩን ስታወሪው ደስ ይልሽ ነበር» አለ።

ወደ መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የሶፋው ብርድ ልብስ ስስ ነው፤ ይህን የምጽፈው እንዲሁ ነው።

ታኅሣሥ 8

ፈተና እርማት። ራስ ምታት። ወፍራሙን ብርድ ልብስ ሶፋው ላይ አኖርኩ፤ ቁም ሣጥኑ ሞልቶ ነው።

ታኅሣሥ 27

ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ዛሬ የሠርጋችን ምስክር የሚሰማበት ቀን ነበር። ዶዮ ምስክር ላመጣ ብሎ አሬሮ ሄዶ ነበር። ጠዋት ፍርድ ቤት ስደርስ አግዳሚው ላይ ዲንኪቱ ተቀምጣለች። ረጅም ናት፣ አንገቷ ላይ ጨሌ አድርጋለች። እኔን ስታይ ተነሥታ «አካም፣ ናጋ?» ብላ ሁለት እጄን ያዘች። ከያዘችው ዕቃ የግመል ወተት ቀድታ ሰጠችኝ። ጠላቴ ናት፤ ወተቱን ግን ተጠምቼ ስለነበር ጠጣሁት። «ለምን አትመጪም? ቤትሽ እኮ ነው» አለችኝ። ፊቴን አዞርኩ።

ስትመሰክር ስለ ሠርጉ ተናገረች። እኔን ከበር የተቀበለችኝ፣ ራሴን ቅቤ የቀባችኝ እሷ ናት፤ ያኔ እሷም አዲስ ሙሽራ ነበረች። ይህን ረስቼው ኖሬያለሁ። ወይም መርሳት ፈልጌ ነው።

ከዚያ ኢፋ ለምስክሯ ጥያቄ ካለኝ እንድጠይቅ ፈቀደልኝ። ሚክዳድ ከኋላዬ «በቃ፣ ጥሩ ነው፣ ተቀመጪ» ይለኛል። አልተቀመጥኩም። ከዶዮ ጋር ያላችሁ ነገር ምንድን ነው አልኳት። ኢፋ ጥያቄው ከጉዳዩ ይወጣል ሊል አፉን ከፈተና ተወው።

ዲንኪቱ ልጅ እንዳየች አየችኝ። «የወንድሙ ሚስት ነኝ» አለች።

ወንድሙ ሞቷል አልኩ።

«ሞቷል። እኔ ግን ሚስቱ ነኝ። እኛ ዘንድ አንዴ የተዳረች ሴት የዚያ ሰው ሚስት ናት፤ ቢሞትም ያው ናት። ዶዮ እንዴት አድርጎ ያገባኛል?» አለች። ከዚያ እንደ መሰልቸት አድርጎአት ቀጠለች። «ከብት ሊያጠጣ ይመጣል። ከልጆቹ ጋር ደጅ ይተኛል። ሲመሽ ‹ቲቸር እንዲህ አለች፣ ቲቸር እንዲያ አለች› ነው። እኛስ ሰለቸን።»

እዚህ ከተማ ተወልጄ፣ እዚህ አድጌ፣ ከቦረና ሰው ጋር ሃያ ዓመት ኖሬ፣ ስለ ብሔረሰቦች ባህል ምንባብ እያስነበብኩ፣ ይህን አላውቅም ነበር። አንድ ጥያቄ ነው የሚበቃው። አፌን ከፍቼ ብጠይቅ ኖሮ ሚያዝያ ላይ፣ በዚያችው ሻይ ላይ ያልቅ ነበር። አጎቱን መሐይም እያልኩ በልቤ የታዘብኩ እኔ ነኝ።

ሌላ አንድ ነገር ሆነ። ኢፋ ዶዮን አስነሥቶ፣ ጋብቻው ካልጸና ቤቱም ከብቱም በሱ ስም ያለ ስለሆነ ለሱ እንደሚቀርለት፣ ታዲያ ለምን እየተንከራተተ ለከሳሿ ምስክር እንደሚያመጣ ጠየቀው። ዶዮ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ካልፈለገችኝ ትሂድ» አለ። «ግን ሚስቴ ሆና ነው የምትሄደው። እንዲሁ አትሄድም።»

አለቀስኩ። አሁንም መደምደሚያው ላይ።

ጥር 13

ጥምቀት አለፈ። ምንም አልጻፍኩም። ምን ይጻፋል? ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ሳሎን ድረስ ሄጄ ሦስቴም የጠየቅኩት ሻይ ትፈልጋለህ ወይ ብዬ ነው። ሻይ በጣም እየጠጣ ነው፣ የፈረደበት።

ጥር 25

ተፈረደ።

ኢፋ ረጅም አነበበ። ያ ዘጠነኛ ክፍል ሦስት መስመር የሚጽፍ ልጅ ስምንት ገጽ ጽፏል። ከተማውን ማን በጠመንጃ ይዞት ነበር የሚለው አንድ ነገር ነው፤ እዚያ በረንዳ ላይ ማን ተቀምጦ ነበር የሚለው ሌላ ነገር ነው አለ። በጊዜው የነበረው ሕግ ፍቺን ለሽማግሎች ይሰጥ ነበር፤ የተቀመጡትም ሽማግሎች ነበሩ፤ ሁለቱም ወገን ተስማምቶ ነበር። ፍርድ ቤት ተዘጋ ማለት ሰው መኖር አቆመ ማለት አይደለም። ማኅተሙ የከብት መሆኑ የሽማግሎቹን ቃል አያረክሰውም። ፍቺው ጸንቷል፣ ጋብቻው ጸንቷል፣ ሉሲ የአባቷ ልጅ ናት።

ዶዮ «የአባቷ» የምትለዋ ስትነበብ ዓይኑን ጨፈነ። በጣም ነው የወደድኩት ያን ጊዜ። ጻፍኩት እንግዲህ።

ከዚያ ኢፋ ገጹን ገለበጠና አሁን የፍቺው አቤቱታ መታየት ይችላል አለ፤ ከመወሰኑ በፊት ግን ለማሰቢያ ሦስት ወር ሰጠን። የምለው እንዳለኝ ጠየቀኝ። እኔ፣ የንግግር መምህርቷ፣ ቆሜ ቀረሁ። «የለኝም» አልኩ። ኢፋ በቀስታ፣ በአማርኛ «ተፈጸመ» አለ። ልጁ አልረሳም ማለት ነው።

የካቲት 4

ትምህርት ቤቱ ለእረፍት ተዘግቷል። አሬሮ ላይ በጋው ከፍቷል፤ የወንድሙ ከብቶች ከስተዋል አሉ፤ ዶዮ ነገ ይሄዳል። የሚያደርሰው የሚክዳድ ዘመድ ኢሱዙ ነው። ከብት ሊያመጣ የሚሄድ ስለሆነ ባዶውን ነው የሚወጣው።

ጠዋት ሽንኩርት እየከተፍኩ እኔም እመጣለሁ አልኩት። ዲንኪቱ ቤትሽ ነው ብላኛለች፤ አለመሄድ ነውር ነው። ደግሞ ለማሰብ ሦስት ወር ተሰጥቶኛል፤ አሬሮም ይታሰባል። ይህን ሁሉ ምክንያት ስደረድር እሱ በሩ ላይ ቆሞ ሰማኝ። ስጨርስ «ጥሩ ተናገርሽ» አለ።

«ስለ ዲንኪቱ ሳልጠይቅህ ፈረድኩብህ። ይቅር በለኝ» አልኩት። ዓይኔ በሽንኩርት ተቃጥሎ ስለነበር ፊቱን በደንብ አላየሁትም። ይቅር ብሎኛል፤ ወይም ይቅር ያለኝ ድሮ ነው፣ የቀረው በአፍ ማለቱ ብቻ ነበር።

ሊመሽ ሲል ዕቃ ለመጫን ወጣ፣ ተመልሶም መጣ። እንደ ልማዱ አልገባም፤ ደፉ ላይ ቆመ።

«ቲቸር፣ ስንት ፍራሽ ልጫን?»

አንድ አልኩት። ኢሱዙው ላይ ቦታ ስለሌለ ነው።